በ‹ን› እና በ‹ኝ› መካከል

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች። ስለ ሐሜት ነው የተናገሩት፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። እኔ ግን ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስኖር ሌላ ፍቺ አግኝቼለታለሁ። (መኪና ስላችሁ የስፌት ነው። የሚነዳው ቢኖረኝማ እዚህ ከናንተ ጋር ወግ ምን አስቀመጠኝ።) ጆሮ ባዳ የሚሆነው የባዳ ቃል ሲመጣበት ነው። የውጭ ቃል በጆሮ በር እንደመጣ አይገባም። ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ክርስትና ይነሳል፣ አገርኛ ስም ይወጣለታል፣ ከዚያ ነው የሚገባ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል እንደሚባለው፣ ጆሮም እንዳገሩ ይሰማል።

አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ለልጃቸው ሰርግ ኮት ሊያሰፉ መጡ። ጨርቅ ዘረጋሁላቸውና አንዱን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይኸ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ገበርዲን ነው አባ» አልኋቸው። እጃቸውን ከእሳት እንደሚያነሳ ሰው ሰበሰቡት። «ልጄ፣ ገበሩስ ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ አለ። ዲኑ ምን ያደርግልኛል? በሰዶም ላይ የዘነበውን ለብሼ ሰርግ ልሂድ?» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። በሌላ ጨርቅ ሰፋሁላቸው። ምን ላድርግ፣ ቃሉን እኔ አላወጣሁት።

ያን ጊዜ ስቄያለሁ። በኋላ የዚህ ዓይነቱ ነገር በራሴ ቤት ሲደርስ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እህቴ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከቤቷ ወጥታ ሐይቁን ተሻገረች። እንዲያ ነበር እኛ የመሰለን።

እትዬ ውዴ ታላቄ ናት። ባሏ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸው ነበር፤ እኔም ዋርሳቸው ሆኜ ከየኔታ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ቅኔ ቤት ውስጥ ነገር በቁሙ አይነገርም። የኔታ «ውሃ አምጡልኝ» ካሉ፣ ሰሙ ውሃ ነው፣ ወርቁ ግን «ይህን እንግዳ ሸኙልኝ» ሊሆን ይችላል። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰም ሥር ወርቅ ስትፈልግ ስለኖረች፣ ጠዋት «ደኅና አደርሽ?» ስላት እንኳ ትንሽ አሰብ አድርጋ ነበር «እግዜር ይመስገን» የምትለኝ። ምን ለማለት ፈልጌ እንደሆን ማጣራቷ ነው። እኔ ደግሞ ምንም ለማለት ፈልጌ አላውቅም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ መቀስ የያዝሁ ሰው ነኝ፤ ሰሜም ወርቄም አንድ ነው።

አንዲት ልጅ አላቸው፤ ማስተዋል። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ዶክተር ለመሆን ደግሞ ራሷ ትማራለች። የኔታ ሲሞቱ እትዬ ውዴ መመንኮስ ፈለገች። በኛ አገር ባልቴት ቆብ መድፋቷ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ቆቡን ደፍተው እዚያው ቤታቸው የልጅ ልጅ እያቀፉ ይኖራሉ። እህቴ ግን «ከመነኮስሁ አይቀር ሐይቁን ተሻግሬ፣ ሴቶች ከሚገቡበት ገዳም ገብቼ ነው» አለች። ይኸን ያለችው በለቅሶው ድንኳን፣ በሰው ፊት ነው። ጎረቤቷ አንዷ «ልጅሽንስ ለማን ትተሽ?» ብትላት፣ «ማስተዋልን ሳልድርማ የት እሄዳለሁ» ብላ መለሰች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያች ቃል ከድንኳኑ ወጥታ ሰፈሩን ዞረች።

ሰርጉ ግን አልመጣም። ማስተዋል ጠያቂ አጥታ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሐይቁ ዳር ሻይ ስትጠጣ ከታየች፣ ጎረቤቶች እናቷን «እንግዲህ ጉዞሽ ሊደርስልሽ ነው» ይሏት ነበር። ከሰውዬው ጋር መታየቷ ከቀረ ደግሞ «አይዞሽ፣ ገዳሙ የትም አይሄድም» ይሏታል። እስቲ በልጅቷ ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ካገባች እናቷን ታጣለች። ካላገባች የእናቷን መንገድ ዘግታ ተቀምጣለች። በሠርጓ ማግስት እናቷን በጀልባ እንደምትሸኝ እያወቀች ማን ባል ይመርጣል? ይኸን ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም። እኛ ቤት ትልቅ ነገር አይወራም፤ ይታሰባል እንጂ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ እሁድ እህቴ ቤት ምሳ ተቀምጠናል። አምባዛ ወጥ ነው፤ ለሁለት ወር የምንሰናበተው። እትዬ ውዴ ልጇን ስታያት ቆየችና «ለመሆኑ ይኸን ሁሉ ዘመን ስትጽፊ የምታድሪው ስለ ምንድን ነው? አባትሽ በሰማይ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም» አለቻት።

ማስተዋል ጎርሳ ነበር። በጎረሰ አፏ «አይገን ቫልዩ፣ እማ» አለች።

እንግዲህ ‹ቫ› የሚባለው ድምፅ ወደ ዓባይ ማዶ ሲመጣ ‹ባ› ሆኖ ነው የሚደርስ፤ ድልድዩ ላይ ይለወጣል መሰለኝ። እኔ የሰማሁት «አይገኝ ባል፣ እዩ!» ሲል ነው። አይገኝ ባል። እዩ ደግሞ ለሁለታችን፣ ለእናቷና ለኔ። «አይገኝም ለማለት ‹ም› የት ሄደች?» እንዳትሉኝ። ቅኔ ቤት ደጅ ያደረ ሰው ያውቃል፤ ግጥም ሲጠብ መጀመሪያ ከቤት የምትባረረው ‹ም› ናት።

እህቴ የጎረሰችውን ዋጠች። ልጇን አየቻት፣ ረጅም አየቻት። ከዚያ «ሰማሁ» አለች።

«ምኑን ሰማሽ? ገና መች አስረዳሁሽ» ብላ ማስተዋል ሳቀች። ወዲያው ስልኳ ጠራ፣ ተማሪዎቿ ናቸው፣ ተነስታ ሄደች። እኔ የቀረውን አምባዛ ለብቻዬ ጨረስሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እህቴ አንዲት ጉርሻ አልደገመችም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እትዬ ውዴ ሱቄ መጣች። ከፌስታል ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ወይባ ነው፣ መነኮሳት የሚለብሱት ያ ቢጫ። እያወቅሁ «ለማን ነው?» አልኋት።

«ልኬን ውሰድ» አለችኝ።

ሜትሬን አነሳሁ። ትከሻዋን ለካሁ፣ ክንዷን ለካሁ። ለስንቱ ሙሽራ፣ ለስንቱ መዘምር የዘረጋሁት ሜትር ያን ቀን እጄ ላይ ከበደኝ። መነኩሲት በምትመነኩስበት ቀን በቁሟ ፍትሐት ይደገምላታል፣ ለዓለም ሞታለችና። ታዲያ የምሰፋው ቀሚስ ነው መግነዝ? ለእህት መግነዝ ሲሰፋስ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል ወይስ አይተውም? ይኸን ማንም አላስተማረኝም።

«ማስተዋልንስ? ሳትድሪያት?» አልሁ።

«ራሷ ፈታችኝ፣ ወንድምዓለም። ‹አይገኝ ባል፣ እዩ› አለችን፤ አንተም ሰምተሃል። የየኔታ ልጅ ናት፤ በቁሙ መናገር ከብዷት በቅኔ ነገረችኝ። አትጠብቂኝ ማለቷ ነው።»

እሷ ከወጣች በኋላ ለማስተዋል ደወልሁላት። ባጃጁ ሳይቆም ነው የወረደች። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። ከዚያ ወይባው ላይ ዓይኗ አረፈና ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ጋሼ፣ የምን ባል? ስለ ቁጥር እኮ ነው ያወራሁት!»

«ምን የሚሉት ቁጥር ነው እናት የሚያመነኩስ?»

የልብስ ጠመኔዬን አነሳችና ቁርጥራጭ ጥቁር ጨርቅ ላይ ትጽፍልኝ ጀመር። ቁጥሮች እንደ ድርና ማግ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ተደርድረዋል። ይኸ ማትሪክስ ይባላል አለችኝ። አንዱም ቁጥር ከዜሮ በታች አይደለም። ለምን ብላት፣ «ጋሼ፣ ሐይቁ ውስጥ ከዜሮ በታች አሳ አይተህ ታውቃለህ? ወይ አለ፣ ወይ የለም» አለች። ለምሳሌ ቆረሶ የሚባለውን አሳ ብንወስድ፣ ጫጩቱ አለ፣ ጎረምሳው አለ፣ እናቲቱ አለች። ከእናቲቱ ስንት ጫጩት ይወጣል፣ ከጫጩቱ ስንቱ ይጎረምሳል፣ ከጎረምሳው ስንቱ ለእናትነት ይደርሳል፤ ይኸ ሁሉ በድርና ማጉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ያው ነገር በየዘመኑ ሲደጋገም፣ በስተመጨረሻ ነገሩ ሁሉ በአንድ ልክ ይሄዳል። ያ ልክ ከአንድ ከበለጠ አሳው ይበዛል። ካነሰ ሐይቁ ባዶውን ይቀራል። ያችን አንድ ቁጥር ነው አይገን ቫልዩ የሚሏት፤ ከብዙዎቹ ትልቋን ማለቷ ነው።

«ታዲያ ቁጥሯ ስንት ናት?»

«እሱ ነዋ ሥራው። ማትሪክሱ ትልቅ ሲሆን እሷን በቀጥታ ማግኘት ከባድ ነው። ግን ስሟን ሳታውቅ ሰፈሯን ታውቃለህ። እያንዳንዱን መስመር ወደ ጎን ደምር። ከድምሮቹ ትንሹ ይኸ ነው፣ ትልቁ ይኸ ነው። እሷ ከትልቁ አትበልጥም፣ ከትንሹ አታንስም። መካከል ናት።»

«ይኸንማ እኔም አውቀዋለሁ» አልኋት። «ለመዘምራን አንድ ልክ ቆርጬ ስሰፋ፣ ከቀጭኑ ዲያቆን አይጠብም፣ ከወፍራሙ አይሰፋም። ይኸን ካወቅሽ ምን ቀረሽ?»

«መካከሉ በጣም ሰፊ ነው ጋሼ። እኔ የምሠራው ማጥበብ ነው።»

ማጥበብ! እስካሁን ይኸን ማን ነገረኝ? ለካ የሙያ ጓደኛዬ ናት። ለሰው የማይሆነውን ሰፊ ልብስ ከዚህም ከዚያም በኩል እየያዘች፣ ገላው ሳይታይ ልኩን እየቀረበች ነው። የኔ ደምበኛ ቢያንስ መጥቶ ይቆምልኛል። የእሷ ደምበኛ አንድም ቀን አልመጣ።

በዚህ ደስ ብሎኝ ቀና ስል ልጅቷ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ አትስፋው» አለችኝ።

ልብስ ሰፊ አልሰፋም አይልም። ይዘገያል እንጂ። ጓደኞቼ አይቀየሙኝና፣ የኛ ሙያ ሰው ከማንም በላይ የተካነበት ጥበብ ቢኖር ማዘግየት ነው፤ «ለቅዳሜ ይደርሳል» የሚለውን ቃል የፈጠረው ልብስ ሰፊ ለመሆኑ አልጠራጠርም። እኔም ያለኝን ሙያ ሁሉ አወጣሁ። እህቴን መብራት ጠፋ አልኋት። እውነትም ጠፍቶ ነበር፤ መጣ እንጂ። መርፌው ተሰበረ አልሁ። በመጨረሻ «ከባሕር ዳር ቢጫ ክር ጠፋ» ስላት የገዛ ጆሮዬ አፈረብኝ።

«ወንድምዓለም» አለችኝ ከደጃፉ ሳትገባ፣ «ለሰርግ ልብስ እንኳ እንዲህ አዘግይተህ አታውቅም።»

ስለዚህ እኔና ማስተዋል ተማክረን እህቴ ቤት ሄድን። ፊደሉን እናርመው አልን። አንዲት ‹ን› ‹ኝ› ሆና ተሰምታ ያመጣችው ጣጣ ነው፣ ፊደሏ ስትቀና ነገሩም ይቀናል። ሁለታችንም እንዲህ አምነን ነው የሄድነው፤ እሷ በትምህርቷ፣ እኔ ባለመማሬ።

ማስተዋል ለእናቷ አሳውን አላነሳችም፣ ጾም ገብቷልና። «እኔ፣ ጋሼና አንቺ አለን በይ» አለቻት። «ሦስታችን እርስ በርሳችን የምንሰጣጠውን በመስመር አስቀምጪው። እኔ ለአንቺ፣ አንቺ ለጋሼ፣ ጋሼ ለኔ።»

«ለራሴ የማስቀረውስ?» አለች እትዬ ውዴ።

«እሱም ይገባል፣ እማ። የራስ ለራስ ቦታ አለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይቀመጣል። አንዱ ብዙ ይሰጣል፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ምንም። ግን ከዜሮ በታች የለም።»

«ከዜሮ በታች ምንድን ነው?»

«መቀማት በይው።»

እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እና በዚህ ባንቺ ሒሳብ ማንም ከማንም አይቀማም?»

«አይቀማም።»

«ይኸማ ገዳም ነው» አለች።

ማስተዋል ትንሽ ሳቀች፣ ተስፋ አገኘች መሰለኝ፤ ወደ እናቷ ተጠጋች። ስለ ትንሹ ድምር ነገረቻት፣ ስለ ትልቁ ነገረቻት። ባል የሚባል ነገር እንደሌለበት፣ ‹አይገን› የባዕድ ቃል እንደሆነ፣ በ‹ን› እንደሚጻፍ፣ እኔን ምስክር አድርጋ አስረዳች። እኔም እንደ ሽማግሌ ጎሮሮዬን ጠርጌ «እትዬ፣ ‹ን› ናት» አልሁ። እህቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አንድም ጊዜ አላቋረጠችም።

«ገባኝ» አለች። ደስ አለን። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ «ልብሱስ መቼ ይደርሳል?»

ሰፋሁት። ምን አደርጋለሁ? በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ተውሁ፤ ያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፣ እጄ ግን በራሱ ተወው።

የሄደችበት ጠዋት ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር። ወደቡ ላይ ጓዟ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ነው፤ ውስጡ ዳዊቷ፣ ጋቢዋና በሶ። ልጅቷ እናቷን እጇን ይዛ አለቅም አለች። ተማሪዎቿ የሚፈሯት መምህር፣ በዚያ ሁሉ ቱሪስት አስጎብኚና አሳ ሻጭ ፊት እንደ ሕፃን «እማ፣ ‹ን› ናት። በእግዜር ‹ን› ናት» ትላታለች።

እትዬ ውዴ ጉንጮቿን በሁለት እጇ ያዘቻት። «እሽ፣ ‹ን› ናት» አለቻት። ሳመቻትና ተሳፈረች።

እንግዲህ ሐዘን ሲባል ድንኳን የሚተከልለት ብቻ አይምሰላችሁ። ለሞተ ሰው ሰፈሩ ይመጣል፣ እድሩ ወንበር ያወጣል። ለመነኮሰች እናት ግን «እንኳን ደስ ያለሽ» ነው የሚባል። ማስተዋል «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚሏትን ሁሉ «አሜን» እያለች ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋ ጀመር። ከዚያ ሒሳቡን ተወችው። ክፍል ገብታ ታስተምራለች፣ የራሷን ጽሑፍ ግን አትነካም። አማካሪዋ ይደውላሉ፣ አታነሳም። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ በኛ ሥራ አንድ ምልክት ከተሳሳተ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይፈርሳል» አለችኝ። «ተመልሰህ ታርመዋለህ ግን። እኔ እናቴን በአንድ ቃል አባረርኩ። ያንን ቃል በየገጹ እየጻፍኩ እንዴት እኖራለሁ?»

መቀሴን ወዲያ ወዲህ አደረግሁ። በሚቀጥለው ወደ ደሴቱ በሚሄድ ጀልባ፣ ለአንድ ዲያቆን ነገሩን በቃል ነግሬ ወደ እህቴ ላክሁ። መልሱ አጭር ነው። «ልጄን ይዘህ ና።»

ከፋሲካ በኋላ ሄድን። ከጀልባው ወርደን በዛፎቹ መካከል ያለውን አቀበት ስንጨርስ፣ ከገዳሙ በር አጠገብ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣ... ተቀምጠው አገኘናቸው። አያችሁ? እስከዚህ ድረስ «አለች፣ ሄደች» ስላችሁ መጣሁ። ቆቡን ካየሁ በኋላ ግን አልቻልሁም። እህቴ አሁን እማሆይ ናቸው። አብሬያት አፈር ፈጭቼ፣ ጸጉሯን ጎትቼ፣ «አንቺ» ብዬ ያደግሁትን እህቴን «እንደምን አሉ?» ስል ምላሴ እንደ ሰው ቤት ልጅ ደነገጠ።

የኔስ ምንም አይደል። ማስተዋል «እማ» አለችና ቆመች። የቀረውን ማውጣት አቃታት። ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? እማሆይ ማለት እማ ነው፤ ‹ሆይ› ብቻ ናት የተጨመረችበት። ያችን ትንሽ ‹ሆይ› ነው ልጅቷ መሻገር ያቃታት።

«የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ» አሏት እማሆይ። «ነይ ወዲህ።»

አጠገባቸው አስቀመጧት። ፊት ለፊት ሐይቁ ነው፤ ከተማችን በወዲያ በኩል ጭስ ብቻ ሆና ትታያለች።

«ሥራሽን ተውሽው አሉኝ።»

«በምን ልቤ ልሥራው? በአንድ ፊደል ምክንያት...»

«ፊደሏን ተያት» አሉ። «‹ን›ን ያኑ ለታ ነው የሰማኋት።»

እኔ ከመደቡ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«የቅኔ ቤት ጆሮ ‹ን›ን ከ‹ኝ› አይለይም ብላችሁ ነው? አባትሽ ይኸን ቢሰሙ ያዝኑብኛል» አሉ እማሆይ፤ ድምፃቸው ግን የሚቀልድ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እኔ መሄድ ፈለግሁ፣ ልጄ። የኔታ ካረፉ ጀምሮ ልቤ እዚህ ነው። ‹መሄድ እፈልጋለሁ› ብዬ በቁሙ ብነግራችሁ ግን፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ይኸ ወንድሜ ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ እኔም እቀራለሁ። ያን ለታ ቃሏ ከአፍሽ ስትወድቅ ወርቋን አየኋት። ፊደሏን ለናንተ ሰጠኋችሁ። እናንተ ከፊደሏ ጋር ስትጣሉ እኔ ጓዜን ሸከፍሁ።»



«ደግሞ አንቺን አስሬሽ ነበር» ብለው ቀጠሉ፣ ቀስ ብለው። «በለቅሶው ድንኳን፣ በሰው ፊት። ብታገቢ እኔን ልትሸኚ፣ ባታገቢ እኔን ልታስቀሪ። እናት ልጇን እንዲህ ያለ መንታ መንገድ ላይ አታቆምም፤ እኔ አቆምሁሽ። በሰው ፊት የተናገርሁትን እኔው ብሽረው ቃሏን አጠፈች እባላለሁ። አንቺ ፈታሽኝ ከተባለ ግን ሁለታችንም ተፈታን። ዋሽቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ ስግደትም ታዘዘልኝ።» ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ስግደቱ ይከብዳል። አልቆጨኝም ብል ግን ሌላ ስግደት ያዙብኛል።»

ልጅቷ ፊቷን ወይባው ላይ ደፋች። ታልቅስ ትሳቅ ከኋላዋ አይለይም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ፣ አያስቃችሁና፣ የሰፋሁት ትከሻ ላይ ዓይኔ ሄደ። ሰፍቷቸዋል። ጾሙ አክስቷቸዋል። እማሆይ ዓይኔን ተከትለው አዩና «አጥብብልኝ ብልህ ለቅዳሜ ትለኛለህ» አሉኝ።

ስንነሳ ልጃቸውን ጠየቋት። «ያች ቁጥር ተገኘች?»

«አልተገኘችም። መካከሉን እያጠበብኩ... ነበር።»

«ከትልቁ በላይ አይገን፣ ከትንሹ በታች አያንስ» አሉ እማሆይ ለራሳቸው፣ ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ። «ባዕድ ቃል ነው ትሉኛላችሁ። ይኸን ቃል የኔታ ቢያገኙት አንድ ጉባኤ ያስተምሩበት ነበር። የማይገን፣ የማያንስ፣ በመካከል የተሰወረ።» ከዚያ በእጃቸው እንደ መግፋት አድርገው ወደ ጀልባው አሰናበቷት። «ሂጂ። አጥብቢው።»

በጀልባው ግማሽ መንገድ ስንደርስ ማስተዋል ወደ ደሴቱ ዞራ፣ ማንም እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ ሙሉውን ጠራችው። «እማሆይ» አለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ እኔ ግን ሰማሁ። ጆሮዬ አንዳንድ ጊዜ ባዳ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። የመስኮቷ መብራት ሲበራ ከሱቄ ይታየኛል። ሰፈሩ ግን ያው ሰፈር ነው፤ እናቷን ሸኝተው ወደሷ ዞሩ። ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን ሱቄ ደጃፍ ላይ አገኘቻትና «ኧረ ማስቲ፣ ምን ላይ ደረስሽ?» አለቻት። ማስተዋል ወደኔ ዓይኗን ጣል አድርጋ «አይገን ቫልዩ» አለች።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያውቃል» ብላት ሄደች።

እኔ ጨርቄን መቁረጤን ቀጠልሁ። ፊደል ማረም ትቻለሁ። ደግሞስ ሴትዮዋ ምን ተሳሳተች? እግዜር ቁጥሯን ያውቃታል። ልጄ እያጠበበቻት ነው።